ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ፦ አቆይተው ያሸነፉ፣ አቆይተው የተሸነፉ

(በአንድ የንባብ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ! እናቶቼና አባቶቼ፣ ክቡራን እንግዶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? እባካችሁ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ግቡና ተቀመጡ። የፊት ወንበር የሚፈራው ትምህርት ቤት ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ማንንም ተነስ ብዬ አልጠይቅም።

አዘጋጆቹ ስለ አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር እንድናገር ሲጋብዙኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉት። ስለ ቅርቦቹ ባወራ ስንሟገት እናድራለን፣ የመጨረሻው ታክሲም ያመልጠናል። ስለዚህ ራቅ አልኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ የጽሕፈት ሚኒስትሩ ማዕረግ ነው።

እስቲ እጃችሁን አውጡ። ስለ እሳቸው ከስማቸው ያለፈ የምታውቁ? ... አያችሁ? ይህን ያህል ሰው ተቀምጦ የወጣው እጅ ይህ ብቻ ነው። እኚህ ሰው እኮ 13 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የዚህች አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የውጭ ጉዳያችን ዋና ሰው ነበሩ። የአገሪቱ ካርታ ከጦርነቱ በኋላ እንዴት እንደተሠመረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እሳቸውን ሳይነካ አያልፍም። ታዲያ ለምን ረሳናቸው? ንጉሡን እናስታውሳለን፣ ደርግን እናስታውሳለን። መሀል ላይ የነበረው ሰው ጠፋብን።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሰውየው ከየት መጡ። ሁለተኛ፣ በውጭ አገር መድረክ ምን አተረፉልን። ሦስተኛ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገር ውስጥ ምን ሳይሠሩ ቀሩ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ከአሁኑ ላስጠንቅቃችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ።

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ የቡልጋ ሰው፣ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልብ በሉ፤ ራስ አይደሉም፣ ደጃዝማች አይደሉም። ጦር የላቸውም፣ የሚፈራ ግዛት የላቸውም። ይህ ለምን አስፈለገ? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመሳፍንቱን ጉልበት ለመስበር የተጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነበርና። የተማረውን፣ ግን ከኋላው ሠራዊትና ርስት የሌለውን ሰው ያነሣሉ። እንዲህ ያለ ሰው የሚቆመው በንጉሡ ብቻ ነው። ንጉሡ እጃቸውን ካነሡ ይወድቃል።

ከዚህ ቤት ሦስት ወንድማማቾች ለትልቅ ሹመት በቁ። ታላቁ መኮንን ሀብተ ወልድ ናቸው። በ1927 የሀገር ፍቅር ማኅበርን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ያ ማኅበር ነው በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር የሆነው። ከንጉሡ ጆሮ የማይለዩ ሰው ስለነበሩ የሚፈሯቸው ብዙ ነበሩ። ሌላው ወንድም አካለ ወርቅ ሀብተ ወልድ ናቸው፤ እሳቸውም ሚኒስትር ሆኑ።

አክሊሉ በግብፅ እስክንድርያ በፈረንሳዮቹ ሊሴ ተማሩ። ከዚያ ፓሪስ ገብተው ሕግ አጠኑ። ያገቡትም ፈረንሳዊት ነው። እንግዲህ ፓሪስ እያሉ ነው ጣልያን የመጣብን።

አስቡት እስቲ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። አገሩ ተወርራለች። ንጉሡ ተሰድደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ተቀምጠዋል። እሱ ፓሪስ ባለው የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን፣ እንደ ኤምባሲ ባለው መሥሪያ ቤት፣ ውስጥ ነው። የማን ሌጋሲዮን? መንግሥቱ በቦታው የለም። ኃያላኑ አንድ በአንድ ለጣልያን እውቅና እየሰጡ ነው። በዚያ ሁሉ መሀል አክሊሉ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው በር እያንኳኩ፣ ማመልከቻ እየጻፉ፣ «አገሬ አልሞተችም» እያሉ ኖሩ። ጀርመን በ1932 ፓሪስ እስኪገባ ድረስ።

እዚህ ላይ የእኔን ግምት ልንገራችሁ። ግምት ነው፤ ማስረጃ አቅርብ እንዳትሉኝ። አክሊሉ የመንግሥታቱ ማኅበር፣ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው፣ በኢትዮጵያ ላይ የሠራውን በቅርብ አይተዋል። ማኅበሩ አንድም ቀን «ኢትዮጵያ ተሳስታለች» አላለም። ያለው «ጉዳዩ ይታያል፣ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር» ነው። ይደር፣ ይደር፣ ይደር ሲባል አገሪቱ ተያዘች። ወጣቱ ዲፕሎማት ያን ጊዜ የተማሩት ይመስለኛል። ማቆየት ራሱ መሣሪያ ነው። ጠንካራው ይጠቀምበታል። ደካማውስ ለምን አይጠቀምበትም?

ይህን ያዙልኝ። ቀሪው ንግግሬ የሚዞረው በዚህች ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ።

በ1933 ነጻ ወጣን ብለን እንዘምራለን። እውነት ነው፣ ጣልያን ወጣ። ግን ማን ገባ? በጥር 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ውል አንብቡት። የእንግሊዙ መልክተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ከሌላው ዲፕሎማት ሁሉ በላይ ነው። አማካሪው እንግሊዛዊ፣ ባቡሩ በእንግሊዝ እጅ፣ ኦጋዴን በእንግሊዝ እጅ። የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ ገበያችን ውስጥ ይዘዋወራል። ነጻነት በልመና የተሰጠን ይመስል ነበር።

አክሊሉ ከስደት ተመልሰው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። በአጠገባቸው ጆን ስፔንሰር የሚባሉ አሜሪካዊ የሕግ አማካሪ ነበሩ። ሎርድ ዴ ላ ዋር የእንግሊዝን ልዑካን መርተው አዲስ አበባ መጡ። ድርድሩ ወራት ወሰደ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 አዲስ ውል ተፈረመ። የእንግሊዙ መልክተኛ ቅድሚያ ቀረ። ባቡሩ ወደ እኛ መመለስ ጀመረ። ኦጋዴንስ? ኦጋዴን አልተመለሰም። ግን «ለጊዜው» ተባለ። የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንደተጠበቀ ሆኖ ለጊዜው በእንግሊዝ አስተዳደር ይቆይ ተባለ። ያቺን «ለጊዜው» ውሉ ውስጥ ማስገባት ትልቅ ሥራ ነበር። አብዛኛው ኦጋዴን በ1940 ተመለሰ። ሐውድና ሪዘርቭድ ኤሪያ የተባለው የቀረው ደግሞ በኅዳር 1947 ለንደን ላይ በተፈረመ ውል ተመለሰ። ከታኅሣሥ 1937 እስከ ኅዳር 1947 አሥር ዓመት ገደማ ነው። ጥይት አልተተኮሰም።

በዚያው በ1937 ሰኔ ወር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም ኢትዮጵያን ወክለው ከፈረሙት አንዱ አክሊሉ ናቸው። ከአፍሪካ ያን ጊዜ ስንት አገር ነበር? ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ። ሌላው ሁሉ ቅኝ ግዛት ነው።

ቀጥሎ የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ መጣ። 21 አገሮች ተቀመጡ። አክሊሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ ለማኝ በር ያንኳኩበት ከተማ ተመልሰው ጣልያንን ከሳሽ ሆነው ቆሙ። የካቲት 3 ቀን 1939 በተፈረመው ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ለደረሰብን ነገር ምን አላት? ምንም አይደለችም። ግን ከገንዘቡ ይልቅ አንቀጽ 37ን ተመልከቱ። ጣልያን ከመስከረም 1928 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ንብረት፣ መዝገብና ታሪካዊ ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ ትመልስ ይላል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የአክሱም ሐውልት በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ሚያዝያ 1997 ነው፣ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ሰው ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። አጠገቤ ያለ ጎረምሳ «ጣልያኖቹ አዘኑልን እኮ!» አለ። እኔም የአስተማሪነት አመሌ ተነሣብኝና «ልጄ፣ ማንም አላዘነልህም። የ1939 ውል ነው፣ አንቀጽ 37» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ማክያቶዎ በረደ» አለኝ። ሳቅ ሆነ። ግን እውነቱ ያው ነው። በ18 ወር የተባለው 58 ዓመት ፈጀ። ወረቀቱ ግን ጠበቀ። ያንን ወረቀት ይዘው የተከራከሩት ሰው በዚያን ቀን ከተገደሉ 30 ዓመት አልፏቸው ነበር።

ወደ ኤርትራ ልምጣ። ይህ ጉዳይ ዛሬም ያማል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እናገራለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የተለያየ ስሜት ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ።

አራቱ ኃያላን በጣልያን ቅኝ ግዛቶች ላይ መስማማት አቃታቸው። ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ተላለፈ። በ1941 በእንግሊዝና በጣልያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ስም ቤቪን-ስፎርዛ የተባለው ዕቅድ ቀረበ። ሊቢያ ለሦስት ትከፈል፣ አንዱ ክፍል፣ የትሪፖሊው፣ ለጣልያን ሞግዚትነት ይሰጥ። ሶማሊያም ለጣልያን። ኤርትራ ደግሞ ትከፈል፤ ምዕራቡ ለሱዳን፣ የቀረው ለኢትዮጵያ። ዕቅዱ ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ወደቀ። እንዴት ወደቀ መሰላችሁ? የትሪፖሊ አንቀጽ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያገኝ አንድ ድምፅ ጎደለው። የሄይቲው ተወካይ ኤሚል ሴን-ሎ ከመንግሥታቸው መመሪያ ወጥተው ተቃወሙ። በአንድ ሰው እጅ የሦስት አገር ዕጣ ተገለበጠ።

ሌላ ዲፕሎማት ቢሆን ያን ጊዜ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ሊያገኝ የነበረው ሰፊ መሬት ከእጁ ወጣ። አክሊሉ ግን ጉዳዩ ይደር ሲባል አብረው አሳደሩት። ኮሚሽን ይሂድ፣ ይሂድ። ሪፖርት ይቅረብ፣ ይቅረብ። ኤርትራ ውስጥ የአንድነት ፓርቲው በአንድ ወገን፣ የነጻነት ብሎኩና የእነ ኢብራሂም ሱልጣን ሙስሊም ሊግ በሌላ ወገን ተፋጠጡ። አሜሪካ ደግሞ አስመራ ላይ ያለውን የሬዲዮ ጣቢያ ፈለገች። አክሊሉ ይህን ሁሉ አዩና ጊዜው ለማን እንደሚሠራ ገባቸው። ኅዳር 23 ቀን 1943 ውሳኔ 390 ተላለፈ፦ ኤርትራ የራሷ መንግሥት ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ትኑር። በመስከረም 1945 ሥራ ላይ ዋለ። በግንቦት 1945 ደግሞ ከአሜሪካ ጋር የቃኘው ጣቢያ፣ የዚያው የአስመራው ሬዲዮ ጣቢያ፣ ስምምነት ተፈረመ፣ ለ25 ዓመት። ከጎኑም የጦር መሣሪያ እርዳታ መጣ። ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ማየት የዋህነት ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር አገኘች። ይህ የአክሊሉ የሕይወት ሥራ ጫፍ ነው። የኤርትራ ሕዝብ በዚያ ውሳኔ ላይ በቀጥታ ድምፅ አለመስጠቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ብቻ የሚይዝ ሰው ታሪክ እያነበበ አይደለም፣ ጠበቃ ሆኖ እየቆመ ነው።

ውኃ ልጠጣ።

ሦስተኛው ነጥብ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ንጉሡ ብራዚል እያሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ራስ አበበ አረጋይ ሞቱ። የአክሊሉ ታላቅ ወንድም መኮንን ሀብተ ወልድም ሞቱ። ከአራት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 1953፣ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። የወንድማቸው ደም ሳይደርቅ ማለት ነው።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ነበር የሚሠራው። የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ይዞ ይመጣል። እናቴ ደግሞ ደብተሮቻችንን በሱ ትለብድልን ነበር። ወረቀቱ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ ይችላል። አንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው። ከሥር አንድ ስም አለ፦ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ። የሒሳብ ደብተሬ ላይ አክሊሉ፣ የጂኦግራፊ ደብተሬ ላይ አክሊሉ። አዋጁ ስለ ግብር ይሁን ስለ ማዘጋጃ ቤት፣ ስሙ ያው ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አገሩን የሚገዙት እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ይገዙ ነበር? ጥያቄው ይህ ነው።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሡ ናቸው። ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘልሎ በቀጥታ ቤተ መንግሥት ይገባል፣ ጉዳዩን ያስወስናል፣ ይወጣል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማግስቱ ይሰማል። ከዚያ ይፈርማል።

ይህን ነገር እኔ በቆዳዬ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ምክትል ርእሰ መምህር ሆኜ ነበር። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ርእሰ መምህሩ የመጋዘኑን ቁልፍ፣ የማኅተሙን ቁልፍ፣ የገንዘቡን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ወላጅ የሚመጣው ግን ወደ እኔ ነው። «ለምን ልጄ ተባረረ?» እኔ አላባረርኩትም። «ለምን ጠመኔ ጠፋ?» እኔ ጋ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ግን የኔ ፊርማ አለ። ስድቡ ለእኔ፣ ቁልፉ ለሱ! ምሳሌው ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ምክትል ሆናችሁ የሠራችሁ ሁሉ እየነቀነቃችሁ ነው፣ አያችኋለሁ።

እሺ። እስከዚህ ድረስ የአክሊሉ ጠበቃ ሆኜላቸዋለሁ። አሁን ጠበቃነቱን አቆማለሁ።

በመጋቢት 1958 ንጉሡ አሠራሩን ለወጡት። ከዚህ በኋላ ሚኒስትሮቹን ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይመርጥ፣ እኔም እሾማለሁ አሉ። ንጉሡ አሁንም የበላይ ናቸው፤ ይህ አይካድም። ግን «ሥልጣን አልነበራቸውም» የሚለው መከራከሪያ እስከ 1958 ድረስ ነው የሚያስኬደው። ከ1958 እስከ 1966 ያሉት ስምንት ዓመታት የእሳቸውም ናቸው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ምን ተሠራ?

በ1957 የካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በ1958 የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። ጥሩ። የጭሰኛውን ግንኙነት የሚወስን የሕግ ረቂቅ ተዘጋጀ። በጣም ጥሩ። ምክር ቤት ገባ። ምክር ቤቱ ውስጥ ማን አለ? ባለ መሬቱ! ረቂቁ ይደር ተባለ። እንደገና ቀረበ፣ ይደር ተባለ። መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ ያ ሕግ አልጸደቀም።

አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ ጭሰኛ የነበረ አጎት ነበረኝ። እኩል አራሽ ነበር፤ ካመረተው ግማሹ የባለ መሬቱ ነው። ከዚያ ማዳበሪያ መጣ፣ ምርጥ ዘር መጣ፣ ስንዴው አማረ። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለ መሬቱ ትራክተር አመጣና «ልቀቅ» አለው። አጎቴ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ እኛ ቤት መጣ። አባቴን «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ ሕጉ የት ደረሰ በልና ጠይቅልኝ» አለው። አባቴ ጠየቀ። «ምክር ቤት ነው» ተባለ። አጎቴ በየሳምንቱ «ከምክር ቤት ወጣ?» ይል ነበር። በመጨረሻ ተወው፣ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

አያችሁት? ኒው ዮርክ ላይ ይደር ሲባል ኢትዮጵያ አተረፈች። ጭላሎ ላይ ይደር ሲባል ሰው ተፈናቀለ። ዘዴው አንድ ነው። እንግሊዝን ታደክመዋለህ፣ ይሄዳል። ገበሬውን ስታደክመው ግን የት ይሄዳል?

የፌዴሬሽኑን ነገርም ሳልናገር አላልፍም። በ1943 የደከሙበት ሥራ በ1955 ኅዳር ፈረሰ። የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ቀድሞ ወርዷል፣ ቋንቋዎቹም ከሥራ ቋንቋነት ወጥተዋል። በመጨረሻ ትእዛዝ ቁጥር 27 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ፣ ኤርትራ እንደ ሌላው ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ከሥሩ የማን ስም አለ? ደብተሬ ላይ የነበረው ስም። ለውሳኔ 390 ያን ያህል ዓመት የተሟገተ የሕግ ሰው ያን ውል የሚያፈርሰው ወረቀት ላይ ስሙ ተጻፈ። በልባቸው ምን አሉ? ልባቸውን ትቼ ወረቀቱን ነው የማነበው። የ30 ዓመቱን ጦርነት ታውቁታላችሁ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት 32 አገሮች ፈረሙ፤ መንግሥታቸውም ትልቅ ሥራ ሠራ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ብዙ ደክመዋል። ስለሱ ብዙ ስለተጻፈ አልፈዋለሁ።

በ1965 ወሎ ላይ ረሃብ ገባ። መንግሥቱ ደበቀው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማን ነበሩ? አክሊሉ። ስለ ረሃቡ የሚቀርብ አንድም ማመካኛ የለም፤ የንጉሡ ሥልጣንም፣ አሠራሩም፣ ምንም። ሰው እየሞተ ዝም የሚል ካቢኔ ካቢኔ አይደለም።

ከዚያ 1966 መጣ። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር አመፁ። የምድር ጦር አዛዡ ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ሊያነጋግሯቸው ሲሄዱ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የካቲት ላይ ቤንዚን ተወደደ። የካቲት 11 ታክሲዎች ቆሙ፣ እነዚያ ትንንሾቹ ሰይቼንቶዎች። መምህራን ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። እኔ አስረኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት የለም፣ ሜዳው የኛ ነው። ካቢኔው ይውረድ እያልን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወረድን። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ዛሬም አልጸጸትም፤ የአጎቴ ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበርና። ማታ አባቴ ምንም አላለኝም። ደብተሬን አንሥቶ ሽፋኑን አየና መልሶ አስቀመጠው።

የካቲት 20 ቀን 1966 አክሊሉና ሚኒስትሮቻቸው ሥራቸውን ለቀቁ። በዚህች አገር ካቢኔ በሕዝብ ግፊት በሙሉ ሲለቅ ያን ጊዜ ነው ያየነው። ቦታውን ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ያዙ። እሳቸውም እስከ ሐምሌ ብቻ ቆዩ። አንዳንድ ሰው አክሊሉ ባይለቁ ኖሮ አብዮቱ አይመጣም ነበር ይላል። እኔ አልስማማም። ስምንት ዓመት ቀደም ብለው ሕጉን ካላሳለፋችሁልኝ እለቅቃለሁ ብለው ቢሆን ኖሮ ነው የሚያስቆጨው። ያን ጊዜ መልቀቅ ዋጋ ነበረው። በየካቲት 20 ግን የሚለቁት ነገር ራሱ አልነበረም።

ሚያዝያ 18 ታሰሩ። አራተኛ ክፍለ ጦር፣ በኋላም የታላቁ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ አክሊሉም ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጡ። የታተመውን ያነበበ ያውቃል፣ ዲፕሎማቱ እስር ቤት ሆነውም እንደ ጉባኤ ነው የሚከራከሩት። ቀን ይጠቅሳሉ፣ ውል ይጠቅሳሉ። ፍርድ ቤት ይቀርባሉ ብለው የሚጠብቁ ሰው አጻጻፍ ነው።

ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከሌሎች ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ጋር ከርቸሌ ተወስደው ተረሸኑ። ደርግ በማግስቱ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ብሎ አሳወቀ። በዚያ ሌሊት እነማን ነበሩ? ወንድማቸው አካለ ወርቅ ነበሩ። ቦታቸውን የወሰዱት እንዳልካቸው ነበሩ። ለዓመታት በቤተ መንግሥት ሲፎካከሯቸው የኖሩት ራስ አሥራተ ካሣ ነበሩ። ባላንጣዎቹን ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጨመሯቸው። አካለ ወርቅ ሲቆጠሩ ከሦስቱ ወንድማማቾች አንድም በአልጋው ላይ አልሞተም ማለት ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ አጽማቸው ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አረፈ።

እዚህ ላይ ማንም አይሳሳት። ሰውየውን በወሎ ረሃብ፣ በመሬቱ ሕግ፣ በፌዴሬሽኑ ተጠያቂ አድርጌያለሁ። ተጠያቂ ማለት ግን ዳኛ ፊት ይቁም ማለት ነው። ደርግ ዳኛውን ከለከለን። በዚህም እሳቸውን ብቻ አይደለም የገደለው፤ እኛንም መልሱን ነሣን። ለምን ፈረሙ? ንጉሡን ምን ብለው መከሩ? ረሃቡን መቼ ሰሙ? ችሎት ላይ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ እዚህ ቆሜ ግምቴን አልነግራችሁም ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። እዚህ ውስጥ ሽበታም ብዙ ነው፣ አትደብቁት። በዚያ ዘመን ጽሕፈት ሚኒስቴር፣ ውጭ ጉዳይ፣ የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ወይም አባታችሁ የሠራ ሰዎች ትኖራላችሁ። ሳጥን ውስጥ ያለውን ወረቀት አትጣሉት። የቤት ዕድሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው፣ አውቃለሁ። ለልጅ ልጆቻችሁ ስልክ ስጧቸውና ድምፃችሁን ይቅዱ። «ያን ጊዜ አለቃዬ እንዲህ አለኝ» የምትለዋን ትንሽ ነገር ንገሯቸው። የመሬቱ ሕግ ረቂቅ ከምክር ቤት ለምን እንዳልወጣ የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣ፣ ሒሳቡን እከፍላለሁ።

ሰዓቴን አልፌያለሁ፤ አዘጋጁ እየጠቆሙኝ ነው። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይክሮፎኑ እዚያ ጥግ ያለችው እህታችን ጋ ነው። መጀመሪያ ከኋላ የቆማችሁት።